ዘጠኝ ደቂቃ በጀልባ ላይ

ጥቅምት 4 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለመቀስ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ ወገቤ አልፈቀደልኝም። ተጠያቂዋ ደግሞ አንቺ ነሽ። ከዚህ በፊት ወገቤን የጎዳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቁም ሳጥን አብረን እናንሳ ብሎ የለመነኝ ጎረቤት። እሱም ይቅርታ ጠይቆኛል። አንቺ ግን ሦስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ የቀረው ፊልም በፍላሽ አድርገሽ፣ «አጭሩንም ረጅሙንም እይና የቱ እንደሚሻል ንገረኝ» ብለሽ ላክሽልኝ። የእኔ ወንበር የተሠራው ለአንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ ካለፈ ወንበርነቱን ትቶ ቂም የያዘ ሰው ይሆናል። በሁለተኛው ሰዓት ላይ ትራስ አመጣሁ፤ ሦስተኛው ሊገባ ሲል ትራሱም ከዳኝ።

ደግሞ ባለፈው ሳምንት ደውለሽ ነበር አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲኒማ ቤት ማሽን ክፍል ውስጥ የከረመ ጆሮ ስልክ እንደማይሰማ እያወቅሽ ለምን ትደውያለሽ? ያነሳልሽ ከታች ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። «ደህና ናት፣ ግን ዝም ትላለች» አለኝ። ዝም ማለት ከፈለግሽ በደብዳቤ ይሻላል፤ ባዶ ወረቀት አጣጥፎ መላክ ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ፊልሙን ቆርጠሽ የምትቀጥዪው ኤዲተሯ አንቺ ስለሆንሽ ታሪኩን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን እንቅልፍ እንዳልወሰደኝ እንድታምኚኝ ልድገመው። ከተራራ ሥር የተኛ ግዙፍ ሰው ይነቃል። የንጉሡ ልጅ ትልቅ ደወል ተሸክማ፣ ጠንቋዩን አስከትላ ወደ ተራራው ትሄዳለች። ደወሉ ከተደወለ ግዙፉ ተመልሶ ይተኛል። ሲኒማ ቤት የታየው ይህንን በሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይነግረናል። አሁን ያረዘምሽው ደግሞ አርባ አምስት ደቂቃ ጨምሮ ያንኑ ይነግረናል።

እንዲያው በጥቅሉ ለመናገር፣ በአጭሩ ሰው ሁሉ ይደርሳል፤ በረጅሙ ሰው ሁሉ ይሄዳል። በአጭሩ ሰባት ቀን ሙሉ ሲጓዙ አንድም ሰው እህል አይቀምስም። በረጅሙ ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ይበላሉ። ይህን ወድጄዋለሁ፤ የሚበላ ሰው ስለሆነ ሲፈራም አምነዋለሁ። ጠንቋዩን ግን አበላሽተሽብኛል። በአጭሩ ሁሉን ያውቃል፤ ከየት እንዳወቀ የሚነግረን የለም፤ እኛም አንጠይቅም። በረጅሙ መጻሕፍት ክምር ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያገላብጥ አሳየሽን። ማንበብማ እኔም እችላለሁ፤ ያውም አስተማሪ ሳይኖረኝ። እስከዛሬ ግን ጠንቋይ ብሎ የፈራኝ የለም።

ግዙፉ ሰው ሲነሳ ደግሞ በረጅሙ መጀመሪያ አንድ ጉልበቱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ወገቡን ይዞ ነው። ከወንበሬ ስነሳ እኔም እንደዚያው ነኝ። አብሮኝ ያየው ፀጉር አስተካካይ ከጠንቋዩ መጻሕፍት ጀምሮ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ነቅቶ «ያመለጠኝ ነገር አለ?» አለኝ። አሰብኩ አሰብኩና የለም አልኩት።

ስለ ጀልባው የጠየቅሽኝን አልዘነጋሁም። ምን ላድርግ፣ ገጹ አለቀብኝ።

አጎትሽ

ጥቅምት 13 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

ገጹ አላለቀብህም። ከስምህ በታች አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ለክቼዋለሁ።

ስለ ጠንቋዩ ያልከው ትክክል ነው። የመጻሕፍቱን ቦታ አወጣዋለሁ። ስለ ግዙፉ ጉልበት ለዳይሬክተሩ ነገርኩት፤ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

የምታውቀውን ነገር ልጽፍልህ ነው። ታግሰህ አንብበው፤ ጮክ ብዬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጀልባውን የሠራው ባሌ ነው። በዚያ ፊልም ላይ ሥራው አናጢነት ብቻ ነበር፤ የንጉሡን በር፣ የድልድዩን ግማሽ፣ ጀልባውን ሠራ። ቀዛፊ ሆኖ እንዲጫወት የተቀጠረው ሰውዬ ውሃ ላይ ሲወጣ አልቀዝፍም ብሎ ወደ ዳር ተመለሰ። ዳይሬክተሩ ባሌን አየውና፣ የሠራኸውን አንተው ቅዘፈው አለው። እንዲህ ነው ፊልም ውስጥ የገባው። የንጉሡን ልጅ ወንዙን ያሻግራል፤ እየቀዘፈ ከውሃው ሥር ያሉትን ድንጋዮች በየስማቸው ይነግራታል። ዘጠኝ ደቂቃ ነው።

ዘጠኙን ደቂቃ አርባ ሰከንድ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ የለም። ፊልሙ እዚያ ቦታ ላይ ይቆም ነበር፤ ቆረጥኩት፤ ሄደ። የቀረው ጀርባውና መቅዘፊያውን የያዘው እጁ ነው። ቤት ገብቼ ነገርኩት። የቁም ሳጥኑን ማጠፊያ እያጠበቀ ነበር። «ፊልሙ ተሻለ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እንግዲያው ጥሩ ነው» ብሎ ብሎኑን ማጥበቁን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቃለህ። ጠዋት አውቶቡስ ላይ ወጣ፤ በሚወርድበት ቦታ አልወረደም፤ ሾፌሩ መጨረሻው ፌርማታ ላይ የተኛ መስሎት ሊቀሰቅሰው ሄደ። ዓመት ከሁለት ወር ሆነ።

አሁን የፊልም ድርጅቱ ረጅም እትም እንዲወጣ ፈለገ። ምን ምን እንደሚጨመር የምመርጠው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያስገባሁት ዘጠኙን ደቂቃ ነው። ኅዳር 30 ቀን አስረክባለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም፤ የሚቀመጠውና ሰው የሚያየው እሱ ነው።

የምጠይቅህ፣ እሱ ጥሩ ተጫውቷል ወይ ብዬ አይደለም። ፊልሙ ከእሱ ጋር ይሻላል ወይስ ይከፋል? እኔ ማየት አልቻልኩም። ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ግድግዳ እንደማየት ነው። ታለቅሳለች ብለህ እንዳታስብ። አላለቅስም። ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ አየዋለሁ፣ መልሼ አየዋለሁ፣ ሰዓት ሲደርስ ወደ ቤት እሄዳለሁ።

አባቱን ታገኛቸዋለህ? ሰላምታዬን አድርስልኝ። ምን እንደሚሉም ጻፍልኝ።

የእህትህ ልጅ

ጥቅምት 24 ቀን

ለመቀስ፤

ይቅርታ አድርጊልኝ። የወረቀቱ ነገር ውሸት ነበር፤ የወገቤ ግን እውነት ነው።

ይከፋል።

ይኸው ጻፍኩት። ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ አሁን ሳያት ትንሽ ናት። ጀልባው ላይ ሲወጡ ግዙፉ ቆሞ ከተማውን እያየ ነው። እኛ ተመልካቾች ልባችን ተንጠልጥሏል። ባልሽ ደግሞ ረጋ ብሎ «ይህ ግራጫው የአራስ ራስ ይባላል፣ ያኛው ደግሞ ሦስቱ ወንድማማቾች» ይላል። አነጋገሩ ጥሩ ነው። ስለ ድንጋይ ሲያወራ ራሱ ያስቀመጣቸው ይመስላል። ግን በዚያ ሰዓት ድንጋይ የሚፈልግ ሰው የለም። ፀጉር አስተካካዩ እንኳን ተኝቶ እያለ ተገላበጠ።

እኔ ራሴ ስንት ፊልም እንደቆረጥኩ ልንገርሽ። በኛ ጊዜ ፊልም በቀን ሦስት ጊዜ መታየት ነበረበት። አንድ የዘንዶ ፊልም መጣና ለሦስት ጊዜ አልመች አለ፤ ሃያ ደቂቃ ይበዛል። ሥራ አስኪያጁ «አንተ ታውቃለህ» አለኝ። ምን አውቃለሁ? መቀስና ማጣበቂያ አለኝ። ዘንዶው የሚተኛበትን አወጣሁ፣ የንግሥቲቱን ሁለት ዘፈን አወጣሁ፣ አንድ ፈረስ ወንዝ ዳር ብቻውን የሚቆምበትንም አወጣሁ። ተመልካቹ አጨበጨበ። ማንም የጎደለ ነገር አላየም። በሳምንቱ አንዲት ሴትዮ ማሽን ክፍሉ ድረስ ደረጃ ወጥታ «ፈረሱ የታለ?» አለችኝ። ሌላ ከተማ አይታው ኖሯል። የቱ ፈረስ አልኳት። ቁጭ ብላ አብራራችልኝ፤ የጆሮውን ቀለም ሳይቀር። ልመልሰው አስቤ ነበር። ቁራጩን ግን የት እንዳደረግሁት ጠፋኝ። ፊልሙ ያለ ፈረሱ የተሻለ ነበር፤ ዛሬም እምላለሁ። ሴትዮዋ ግን ተመልሳ አልመጣችም።

አባቱን አገኘኋቸው። ከእንጨት መሸጫው ሲወጡ ነው፤ ጣውላ ትከሻቸው ላይ ነበር፤ ላግዝዎ ብላቸው ወገቤን አይተው ተዉት። ሰላምታሽን ነገርኳቸው። የሠርጋችሁ ቀን የሰጧችሁ ኮሞዲኖ መሳቢያው አሁንም ይጣበቃል ወይ ብለው ጠየቁ። አላውቅም አልኩ። «ሻማ ቅቢው በላት» አሉኝ። የልጃቸውን ስም ከቀብሩ ወዲህ ሲጠሩ የሰማ የለም። ያኔ ፊልም ላይ መሥራት ሲጀምር ያሉትን ታስታውሻለሽ፤ ከኋላው ቤት የሌለው በር የሚሠራ ልጅ አላሳደግሁም፣ እዚያ ሲኒማ ቤትም እግሬ አይረግጥም ነበር ያሉት። ስለ ረጅሙ ፊልም አልነገርኳቸውም። ፈራሁ። እንዴት ተብሎ ይጀመራል?

በደንብ ብዪ። እንቅልፍሽስ?

አጎትሽ

ኅዳር 3 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

እበላለሁ። እተኛለሁም፤ ብዙ እተኛለሁ። መሳቢያው ይጣበቃል፤ ሻማ ቀባሁት፤ አሁን ያለ ድምፅ ይከፈታል። ንገርልኝ።

ይከፋል ስላልከኝ አመሰግናለሁ። እዚህ እንዲህ የሚል ሰው አጥቻለሁ። ፕሮዲውሰሩ ትከሻዬን ይዞ «የፈለግሽውን አድርጊ» ይላል። ዳይሬክተሩ ያ ቦታ ሲደርስ ስልኩን ያወጣል። ሁሉም ደግ ናቸው። ደግነታቸው ለሥራ አይሆንም።

አሁን የላክሁልህ ፍላሽ ላይ አሥራ አንድ ሰከንድ ብቻ አለ። ባለፈው በረጅሙ ውስጥ አልፈኸው ይሆናል። የጀልባው ቦታ መጨረሻ ነው። የእኛ ሥራ እንዲህ ነው፦ ዳይሬክተሩ «ቁም» ሲል እዚያ ላይ ትቆርጣለህ። ከዚያ በኋላ ያለው ትርኢት አይደለም፤ ሰው አፍንጫውን ያካል፣ ልብሱን ያራግፋል። ይህን ጀማሪም አይስተውም። እኔ ሳትኩት። ባሌ ትርኢቱን ከጨረሰ በኋላ አሥራ አንድ ሰከንድ ሳልቆርጥ አለፍኩ። የድምፅ ባለሙያው አይቶ፣ እዚህ ጋ ስህተት አለ አለኝ። አዎ ስህተት ነው አልኩት። አላስተካከልኩትም።

በዚያ አሥራ አንድ ሰከንድ ከካሜራው ጎን ወዳለ ሰው ያያል። እዚያ የቆምኩት እኔ ነኝ። የሆነ ነገር ይለኛል። ድምፅ መቅጃው ተዘግቶ ስለነበር ድምፅ የለም። እኔ መልስ እሰጠዋለሁ መሰለኝ፤ ምክንያቱም ራሱን ይነቀንቃል። ምን እንዳለኝ አላስታውስም። የመለስኩለትንም አላስታውስም። እዚያ ነበርኩ፣ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ፤ ከመላው ቀን የማስታውሰው ጫማዬ ጭቃ መንካቱን ነው።

አንተ በዚያች በማሽን ክፍሏ መስታወት ሠላሳ አንድ ዓመት ፊልም ያየኸው ያለ ድምፅ ነው። ልጅ ሳለሁ ከመንገድ ማዶ ያሉ ሰዎች የሚያወሩትን ከከንፈራቸው እያነበብክ ታስቀኝ ነበር። ይህንን አንብብልኝ።

የእህትህ ልጅ

ኅዳር 10 ቀን

ለመቀስ፤

የመሳቢያውን ነገር ነገርኳቸው። «እሺ» አሉ። ከዚያ ሲሄዱ ቆም ብለው፣ ከታች በኩልም ቅቢው በላት አሉኝ።

ፍላሹን አየሁት። መነጽሬን ወልውዬ ነው ያየሁት፤ እንደ ድሮው ድምፁን አጥፍቼ ልል ነበር፤ ለካ ድምፅ የለውም። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ግልጽ ነው፤ እንዲህ ግልጽ ከንፈር ያላቸው የፊልም ተዋናዮች እንኳን ጥቂት ናቸው። ወዳንቺ አየና «አንቺ ካለሽ ወንዙ አይረዝምብኝም» ነው ያለሽ። በእርግጠኝነት። ጥርጥር የለውም። ወንዙ የሚለው ላይ ከንፈሩ እንዴት እንደሚገጥም ብታዪ።

እንግዲህ ይህን ካወቅሽ ዕረፍት አድርጊ። ፊልሙንም እንደፈለግሽ አድርጊው። እዚህ አየሩ ጥሩ ነው። ፀጉር አስተካካዩ አዲስ መስታወት ገዝቶ ደንበኞቹ ሁሉ አረጀን እያሉ ወቀሱት፤ አሮጌውን መልሶ ሰቀለው። ከረጅሙ ፊልም ያየውን ጥቂት ነገር ለሚላጭ ሁሉ ይተርካል፤ ተኝቶ ያለፈውን ደግሞ ፈጥሮ ይሞላዋል። የእሱ ፊልም ካንቺው ይረዝማል።

አጎትሽ

ኅዳር 17 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

ከባሌ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ስንጋባ ያለኝ «ቤቱ ሁለት መስኮት አለው» ነው። ይህ የእሱ ንግግር አይደለም፤ ያንተ የዘንዶ ፊልሞች ንግግር ነው፤ ምናልባት ንግሥቲቱ ስትዘፍን ካወጣኸው ላይ።

ደግሞም ቆጥሬዋለሁ። ሥራዬ ነው። ከንፈሩ የሚንቀሳቀሰው ከሁለት ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ያንተን ዓረፍተ ነገር በሁለት ሰከንድ ውስጥ ለማለት ሞከርኩ፤ ወንዙ ላይ እንኳን አልደረስኩም።

አልተቆጣሁም። ለምን እንዳደረግኸው ይገባኛል። ግን ሰው ሁሉ ለእኔ ሲል የሆነ ነገር ይቆርጣል፣ የሆነ ነገር ይቀጥላል። ያለውን ንገረኝ። አስቀያሚ ከሆነም ግድ የለም።

ሌላም ነገር አለ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ፋይል ተዘጋጅቷል። አንደኛው ዘጠኝ ደቂቃው ያለበት፣ ሌላኛው እንደ ሲኒማ ቤቱ አርባ ሰከንድ ብቻ። የቀረው ሁሉ አንድ ነው። ለእኔ ሁለቱም አንድ ሆነውብኛል። አንዴ በራሴ ቆርጬዋለሁ፤ ሁለተኛ መወሰን አልችልም። አንተ ንገረኝ። ምክንያት አትጻፍልኝ፤ ልቁረጠው ወይስ ልተወው፣ አንድ ቃል። ያልከኝን አደርጋለሁ። ደብዳቤህ ከሠላሳ በፊት ይድረሰኝ።

የእህትህ ልጅ

ኅዳር 25 ቀን

ለመቀስ፤

ተያዝኩ። በዚህ ዕድሜዬ በሰከንድ ተቆጥሮ የተያዘ ዋሾ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሌላ ጊዜ ከዋሸሁሽ አጭር ውሸት እዋሻለሁ።

እውነቱን ለመጻፍ ያልቸኮልኩት ስላሳፈረኝ ነው፤ ያሳፈረኝ ትንሽነቱ ነው። ቀድሞ ያየሁት ቀን፣ በመጀመሪያው እይታ ገብቶኛል። ዳይሬክተሩ ቁም ሲል ባልሽ መቅዘፊያውን አስቀመጠ፤ ወደ እግሩ ሥር አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ወዳንቺ አየና «ውሃ ያስገባል» አለሽ።

ይኸው ነው። ሌላ የለም። ጀልባውን የሠራው እሱ ነው፤ ሥራው ትንሽ ጎደለበት፤ ላንቺ ነገረሽ። የንጉሡ ልጅ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች፤ ለእሷ አልነገራትም፤ ዳይሬክተሩም እንዲሰማ አልፈለገም። ፊቱ ላይ ሳቅ አለ ልበል? ሳቅ ሳይሆን፣ ሊመጣ የነበረ ሳቅ ነው። አንቺ የመለስሽለትን ማንበብ አልችልም፤ የሚታየው እሱ ብቻ ነው። ራሱን የነቀነቀው ግን እሺ እንደሚል ሰው ነው። ምናልባት ዝም በል ብለሽው ይሆናል። ምናልባት ውጣ ብለሽው ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። ምክንያት አትጻፍ ብለሻል፤ ይህን ማድረግ አልችልም፤ ዕድሜ ልኬን ሳልጠየቅ ምክንያት የሰጠሁ ሰው ነኝ። አጭሩንና ረጅሙን በዚህ ሳምንት እንደገና አይቻቸዋለሁ፤ ያን ቦታ ብቻ አራት ጊዜ። የሠራተኛ ዓይን የሚያየውን ልንገርሽ። ሰው ፊልም የሚያየው ግዙፉ መተኛቱን ለማወቅ ነው። በአጭሩ አርባ ሰከንድ ጀርባና እጅ ይታያል፤ ሰው ተሻገሩ ይላል፤ ይበቃዋል። ያኔ የቆረጥሽው ትክክል ነበር፤ ባልሽም ይህን አውቆ ነው ፊልሙ ተሻለ ወይ ብሎ የጠየቀሽ። ዛሬ እሱ ስለሌለ ወንዙ አላጠረም። ፊልሙን የሚያየው አንቺንም እሱንም የማያውቅ ሰው ነው። ያ ሰው ድንጋዮቹ ላይ ይሰለቻል፤ ባልሽ ለእሱ ፊልሙ የሰለቸበት ቦታ ሆኖ ይቀራል። ይህን አልወድለትም። ለራስሽ የሚሆነውን ፍላሽ አስቀሪ፤ ለሰው የሚሄደውን እንደ ሲኒማ ቤቱ አድርጊ።

አንድ ቃል ነበር ያልሽው፦ ቁረጪው።

ፖስታ ቤቱ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አሁን ሊሞላ ነው፣ ስለዚህ

ቆይ። ሻይዬ ብርጭቆው ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ነው። በሩን ጆሮዬ ባይሰማውም ጠረጴዛው ይሰማዋል፤ እንዲህ ጠንክሮ የሚያንኳኳ እጅ እዚህ ሕንፃ ውስጥ አላውቅም።

ተመልሻለሁ። ቆሜ ነው የምጽፈው። አባቱ ናቸው።

እዚህ ቤት መጥተው አያውቁም። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው አዲስ የተቆረጠ ነው፤ አንገታቸው ላይ ጥራጊው አለ፤ ከታች በቀጥታ መውጣታቸው ነው። ደረጃው አድክሟቸው በሩን ተደግፈው ቆመዋል። ይግቡ ብላቸው አልገቡም። ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን እንዳነብ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ነው የሚናገሩት። ረጅም ፊልም አለ ይላል ያ ፀጉር አስተካካይ አሉ። እኔ ደግሞ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝና፣ ሲኒማ ቤት የታየውን ስላላዩት እንዳይከፋዎት፣ እዚያ ላይ ልጅዎ ብዙ አይታይም እያልኩ መንተባተብ ጀመርኩ።

«አይቼዋለሁ» አሉኝ።

መቼ አልኳቸው። ከቀብሩ በኋላ፣ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ተመልሶ በመጣ ጊዜ አሉኝ። የከሰዓቱን ትርኢት፣ ሰው የማይበዛበትን። ስንት ጊዜ እንደሆነ ስጠይቃቸው ስድስት ጣት አሳዩኝ። ታሪኩ ብዙም አልገባኝም አሉ። ጀልባው ሲመጣ ቀና ይላሉ፤ ሲያልፍ ኮታቸውን አንስተው ይወጣሉ። በስድስቱም ጊዜ ግዙፉ ይተኛ አይተኛ አያውቁም።

«ከኋላው ነው የሚያሳዩት» አሉኝ። «እጁን አውቄዋለሁ። መላጊያ እንዲህ ነው የሚይዘው፤ እኔ ነኝ ያስያዝኩት።»

እጃቸውን አነሱና አያያዙን አሳዩኝ። ባዶ እጃቸውን እንደያዙ ቆሙ። ላንቺ የምጽፈው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው፣ ከላይ የጻፍኩልሽ ቃል ገና ቀለሙ አልደረቀም። እሳቸውም ጠረጴዛውን አላዩትም፤ የሚያዩት አፌን ነው።

«ፊቱ ያለበት አለ?» አሉኝ።

አለ አልኳቸው።